ቴርሞስታት የማይለካው አየር

በአየር የሚተላለፍ በሽታ በተስፋፋበት ወቅት፣ ብዙ ሰው የሚሰበሰብበት ክፍል ለጤና ተስማሚ መሆኑን በሙቀቱ ብቻ መገመት አይቻልም። ምክንያቱን ለመረዳት በቆዩ ትላልቅ ሕንፃዎች ውስጥ ማሞቂያውንና ማቀዝቀዣውን የሚያዘው ምን እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል። በብዙዎቹ የሚያዘው የኤሌክትሪክ ሽቦ ሳይሆን የታመቀ አየር ነው።

ኮምፕረሰሩ አየር አምቆ በቀጫጭን ቱቦዎች ወደየክፍሉ ይልካል። ግፊቱ 1.4 ባር ገደማ ሲሆን ከመኪና ጎማ ግፊት ያንሳል። ግድግዳ ላይ ባለው ቴርሞስታት ውስጥ ከሁለት ዓይነት ብረቶች ተጣብቆ የተሠራ ስስ ዝርግ አለ። ሁለቱ ብረቶች በሙቀት እኩል ስለማይለጠጡ፣ የክፍሉ ሙቀት ሲለወጥ ዝርጉ ይጎብጣል፤ አየር ወደሚያፈስ ጠባብ ቀዳዳም ይጠጋል ወይም ከእርሱ ይርቃል። ሲጠጋ አየሩ መውጫ ስለሚያጣ በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፤ ሲርቅ ይቀንሳል። ከ0.2 እስከ 1 ባር የሚወጣና የሚወርደው ይህ ግፊት ራሱ ትእዛዙ ነው። በቱቦው ሌላ ጫፍ ያለውን የጎማ ሽፋን ገፍቶና ሞላውን ተጭኖ የውሃ ቫልቩን ወይም ዳምፐር የተባለውን የአየር መዝጊያ ያንቀሳቅሳል። ያለ ሽቦና ያለ ኮምፒውተር ለአሥርተ ዓመታት የሚያገለግል፣ በእርግጥም ብልሃት የተሞላ አሠራር ነው።

ይሁን እንጂ ያ ዝርግ የሚያውቀው ሙቀትን ብቻ ነው። የክፍሉ አየር ተመልሶ እየተዘዋወረ ሙቀቱ ከተስተካከለ፣ ሰዎች አንዱ የሌላውን ትንፋሽ ደጋግመው ቢስቡም ቴርሞስታቱ ጉድለት አያይም። ከዚህ የባሰው ችግር በዳምፐሩ ላይ ነው። የውጭ አየር የሚያስገባው ዳምፐር አብዛኛውን ጊዜ በግፊት ተከፍቶ በሞላ የሚዘጋ ነው፤ በብርዳማ አገሮች የውሃ ቱቦዎች በውርጭ እንዳይፈነዱ ታስቦ የተሠራ ጥንቃቄ ነው። ስለዚህ ኮምፕረሰሩ ሲቆም ወይም ቱቦው ሲሾልክ፣ የንጹሕ አየር መግቢያው ማንም ሳያውቅ ይዘጋል።

የሕንፃ ኃላፊዎች የውጭ አየር ዳምፐሩ መከፈቱን ባለሙያው በዓይኑ አይቶ እንዲያረጋግጥ ማድረግ ይኖርባቸዋል፤ የቴርሞስታቱ ንባብ ማስረጃ አይሆንም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ፣ ከጤና ተቋማትና ከመኖሪያ ቤቶች ውጪ ባሉ ሕንፃዎች ለአንድ ሰው በሰከንድ 10 ሊትር ንጹሕ አየር እንዲገባ ይመክራል። የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያ ካለ ይህን ለመገመት ይረዳል፦ የውጭ አየር ከሚሊዮን እጅ 420 ገደማ ሲይዝ፣ ከሰው የሚወጣ ትንፋሽ 40,000 ገደማ ይይዛል። በክፍሉ ውስጥ ልኩ እየጨመረ ከሄደ ትንፋሽ እየተጠራቀመ ነው።

ዳምፐሩ እስኪጠገን ድረስ በተቃራኒ ግድግዳዎች ያሉ መስኮቶች ይከፈቱ፤ መስኮት የሌለው አዳራሽ ሰው አይሰብሰብበት። መስኮት ሲከፈት ክፍሉ ይቀዘቅዝ ይሆናል፤ ያን ጊዜ የሚደረበው ልብስ እንጂ የሚዘጋው መስኮት መሆን የለበትም።