ጠበልና ክኒን ይጣላሉን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ጉዳይ በጉባኤ መካከል እጅ ተነሥቶ የማይጠየቅ፣ ከጉባኤ በኋላ ግን በሹክሹክታ የሚነሣ ነው። ይኸውም የታመመ ክርስቲያን መድኃኒት ሲወስድ እምነቱ ጎደለ ማለት ነውን? ጸልዮና ተጠምቆ ያልዳነስ ስላላመነ ነውን? የሚለው ነው።

እዚሁ ሀይሌ ጋርመንት ከምንኖረው መካከል ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው፣ ታክሲ እየለዋወጡ፣ ከተማውን ከደቡብ ወደ ሰሜን አቋርጠው፣ በሽሮ ሜዳ በኩል ወደ እንጦጦ ጠበል የሚወጡ ብዙዎች ናቸው። መልካም ያደርጋሉ፤ እኛም እንሄዳለን። አሳሳቢ የሚሆነው አንዱ ጠበሉን ለመጀመር ሲል ክኒኑን ቤት ጥሎ የሄደ እንደ ሆነ ነው።

እንበልና አንዲት እኅታችን በልብስ ስፌት ሥራ የምትተዳደር ናት። ቫይረሱ በደሟ መኖሩን ካወቀች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ማታ ማታ አንዲት ክኒን ትውጣለች፤ ሥራዋንም እንደ ጤነኛ ትሠራለች። አብራት የምትኖረው ጓደኛዋ ግን፣ ክፋት አስባ ሳይሆን ወድዳት፣ «አንቺ እኮ ተጠምቀሻል። ከተጠመቅሽ በኋላ ክኒን የምትውጪ ከሆነ እግዚአብሔርን አላመንሽውም ማለት ነው» ትላታለች። ይህች ልጅ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት በሽታ ተሸከመች። አንደኛው በደሟ ያለው ነው። ሁለተኛው «እምነት የሌለኝ ነኝ» የሚለው ነው፤ ክኒኑንም የሚያስጥላት ይኸኛው ነው።

ነገሩ በአገራችን እንዴት እንደ መጣ ማወቅ ይጠቅማል። የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን በኢትዮጵያ የታወቁት በ1978 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመታት ሐኪም ለሕመምተኛው የሚሰጠው የረባ መድኃኒት አልነበረውም። ጎረቤት ሲሸሸው፣ ዘመድ ዕቃውን ሲለይበት፣ ለብዙዎች የቀረው መጠጊያ የጠበል ቦታ ነበረ። ይህን መርሳት አይገባም። ጠበል ቦታ ላይ ሰው ከሰው ጋር ተቀምጧል፤ ቆሎውን ተካፍሏል፤ በስሙ ተጠርቷል። በ1997 ዓ.ም. ግን የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መታደል ተጀመረ፤ ያን ጊዜም ጥያቄው ተነሣ። መድኃኒቱን የጀመሩ አንዳንዶች ወደ ጠበል ሲሄዱ ተዉት። አንዳንዱ በራሱ አሳብ ነው፤ አንዳንዱም «ከጠበል ጋር አይሄድም» ተብሎ።

በዚህ ጊዜ 5ኛው ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በግንቦት 1999 ዓ.ም. በአደባባይ ተናገሩ። መድኃኒቱን መውሰድ ኃጢአትም ወንጀልም አለመሆኑን፣ ጠበሉም መድኃኒቱም ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች እንደ ሆኑ፣ እርስ በርሳቸውም እንደማይቃረኑ አስረዱ። ቅዱስነታቸው በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ዐርፈዋል፤ ቃላቸው ግን ዛሬም በየጠበሉ ደጅ ሊነገር የሚገባው ነው። ይህንን ያላወቀ ወጣት በመካከላችን ዛሬም አለና።

አባታችን ይህን ሲናገሩ ከራሳቸው አዲስ ነገር አላመጡም። በቤተ ክርስቲያናችን ከምንቀበላቸው ቅዱሳት መጻሕፍት አንዱ የሆነውን መጽሐፈ ሲራክን ምዕራፍ 38 እንክፈት። ጠቢቡ ሐኪምን አክብር ይላል፤ እርሱንም እግዚአብሔር ፈጥሮታልና። መድኃኒትን ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር መሆኑን፣ አስተዋይም ሰው እንደማይንቀው ይናገራል። ቅደም ተከተሉንም እንመልከት። በታመምህ ጊዜ ጸልይ፣ ከኃጢአት ተመለስ፣ መሥዋዕትህን አቅርብ ካለ በኋላ ለሐኪሙም ስፍራ ስጠው ይላል። ጸሎቱ ሐኪሙን አላስወጣውም፤ ሐኪሙም ጸሎቱን አልተካውም።

ንጉሥ ሕዝቅያስ ለሞት በሚያደርስ ሕመም በታመመ ጊዜ (2ኛ ነገ. 20) እግዚአብሔር በነቢዩ በኢሳይያስ አፍ «እፈውስሃለሁ» የሚል ተስፋ ልኮለታል። ከዚህ የበለጠ ምን ማረጋገጫ ይኖራል? ነገር ግን ያው ነቢይ ወዲያው የበለስ ጥፍጥፍ አምጡ አለ፤ በቁስሉም ላይ አደረጉት፤ ንጉሡም ዳነ። ነቢዩ ተስፋውን ተጠራጥሮ ነው በለስ ያስመጣው የሚል የለም። ጌታችንም ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው በቃል ብቻ መፈወስ ሲችል በምራቁ ጭቃ ለውሶ ዓይኑን ቀባው፤ ወደ ሰሊሆምም ላከው (ዮሐ. 9)። በጠበል ቦታ የምንቀባው አፈር «እምነት» ተብሎ መጠራቱ በአጋጣሚ አይመስለንም። አፈርም ውኃም በለስም ክኒንም የእርሱ ፍጥረት ናቸው።

የሶርያው የሠራዊት አለቃ ንዕማንስ? (2ኛ ነገ. 5) ነቢዩ ሰባት ጊዜ በዮርዳኖስ ታጠብ ባለው ጊዜ ተቆጣ። የተቆጣው ነገሩ ከባድ ስለ ሆነበት ሳይሆን ቀላል ስለ ሆነበት ነው፤ ከዚህ የተሻለ ወንዝ በአገሬ የለምን? አለ። አገልጋዮቹ ግን ትልቅ ነገር ቢያዝህ ታደርገው አልነበረምን ብለው መለሱት። ከእኛም መካከል ሦስት ታክሲ ለውጦ ተራራ ለመውጣት የማይሰንፍ፣ በሰፈሩ ያለውን ጤና ጣቢያ ግን የሚንቅ አለ። ንዕማን ዮርዳኖስን የናቀው እንዲሁ ነበር።

መድኃኒትን የሚቃወሙ ወገኖች ሁለት ጥቅሶችን ያነሣሉ። ማለፍ ስለማይገባ እንመልከታቸው። አንደኛው ንጉሥ አሳ ነው (2ኛ ዜና 16፥12)። እግሩን በታመመ ጊዜ ባለ መድኃኒቶችን ፈለገ እንጂ እግዚአብሔርን አልፈለገም ተብሎ ተጽፏል። ነቀፋው የቱ ላይ እንዳረፈ ልብ ይሏል፤ እግዚአብሔርን አለመፈለጉ ላይ ነው። ሁለተኛዪቱ ደም ይፈስሳት የነበረችው ሴት ናት። ቅዱስ ማርቆስ ገንዘቧን ሁሉ ለሐኪሞች ከፍላ ባሰባት እንጂ አልተሻላትም ይላል (ማር. 5፥26)። ቅዱስ ሉቃስ ይህንኑ ታሪክ ሲጽፍ (8፥43) ማንም ሊፈውሳት እንዳልቻለ ብቻ ይናገራል፤ ባሰባት አይልም። ሐዋርያው ጳውሎስ የተወደደው ሐኪም ብሎ የጠራው ሉቃስ (ቆላ. 4፥14) ለሙያ ጓደኞቹ ትንሽ ሳያዝንላቸው አልቀረም! ያም ሆነ ይህ ሐኪም ያልቻለው ነገር መኖሩ ሐኪም የሚችለውን እንድንተው አያዝዝም።

አሁን ስለ ክኒኑ ራሱ ጥቂት እንናገር፤ ባለማወቅ የሚመጣው ጥፋት ይብሳልና። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ቫይረሱ በደም ውስጥ እንዳይባዛ ይከለክለዋል እንጂ ከሰውነት ነቅሎ አያወጣውም። ቫይረሱ በአንዳንድ የሰውነት ሕዋሳት ውስጥ ተደብቆ ይቀራል። መድኃኒቱ ሲቋረጥ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ይበዛል። ሕመምተኛው ግን በእነዚያ ሳምንታት ምንም ላይሰማው ይችላልና «ይኸው ዳንኩ» ይላል። እየተወና እየጀመረ የሚወስድ ሰው ደግሞ ቫይረሱ መድኃኒቱን እንዲለማመድ ያደርገዋል፤ በኋላ ቢመለስም ያው ክኒን ላይሠራለት ይችላል።

ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። መድኃኒቱን በሚገባ የሚወስድ ሰው የቫይረሱ መጠን ሲለካ «አይታይም» የሚል ውጤት ሊያገኝ ይችላል። ይህ ትልቅ ደስታ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው መድኃኒቱን ሳያቋርጥ በዚሁ እስከ ቆየ ድረስ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን ለሌላው አያስተላልፍም። ነገር ግን አይታይም ማለት የለም ማለት አይደለም። ይህን ወረቀት ይዞ መድኃኒቱን የጣለ ሰው በመድኃኒቱ የተገኘውን ውጤት መድኃኒቱን ለመተው ምክንያት አደረገው። ያው ነገር በሌሎችም ሕመሞች ይታያል። የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኛ ሁለት ወር ወስዶ ሲሻለው ቢተወው በሽታው ጠንክሮ ይመለሳል። የሚጥል በሽታ ያለበት ክኒኑን በድንገት ቢያቋርጥ ሕመሙ አላባራ ብሎ ለሕይወት ሊያሰጋው ይችላል። በኢንሱሊን የሚኖር የስኳር ሕመምተኛ ጠበል ቦታ ሲሰነብት መርፌውን ቢተው በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ይህን የምንለው ለማስፈራራት አይደለም፤ አብሮን ወደ ጠበል የሚሄደውን ጓደኛችንን መድኃኒትህን ይዘሃል ወይ ብለን እንድንጠይቅ ነው።

«እንግዲያስ እግዚአብሔር በጠበል ፈጽሞ አይፈውስም ልትሉን ነው?» የሚል ይኖራል። አላልንም። ለእግዚአብሔር የሚሳነው የለም። ይሁን እንጂ ዳንኩ ያለ ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ጌታችን ራሱ አስተምሮናል። ዐሥሩን ለምጻሞች ሄዳችሁ ራሳችሁን ለካህናት አሳዩ አላቸው (ሉቃ. 17፥14)። ለምን ወደ ካህናት? በኦሪቱ ሕግ (ዘሌ. 13 እና 14) የለምጹን መልክ፣ ጠጕሩን፣ ቆዳውን እያየ፣ ሰባት ቀን እያቆየ ዳግመኛ እየተመለከተ፣ ነጽቷል ወይም አልነጻም የሚለው ካህኑ ነበረና። የዚያ ዘመን ምርመራ ይህ ነበረ። ተአምራቱን የሠራው ጌታ ምርመራውን አልናቀም። ስለዚህ በጠበል ተፈወስኩ የሚል ወገናችን መድኃኒቱን እየወሰደ ወደ ሐኪሙ ይሂድ፤ ይመርመር፤ ሐኪሙ ሳይነግረውም አያቋርጥ። እውነተኛ ፈውስ ምርመራን አይፈራም።

ወደ ጥርጥር እንመለስ፤ ያችን እኅታችንን የሚያስጨንቃት እርሱ ነውና። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ልጁ የታመመበት አባት አለ። ደቀ መዛሙርቱ ሞክረው አልቻሉም። ወደ ጌታችን በቀረበ ጊዜም «የሚቻልህ እንደ ሆነ» ብሎ ነው የለመነው፤ ይህ የሙሉ እምነት ንግግር አይደለም። ጌታችን ስለዚህ ሲናገረው አባትዬው ማመኑንም፣ እምነቱ መጉደሉንም በአንድ ጩኸት፣ በእንባ ተናገረ፤ የጎደለውን እንዲሞላለትም ለመነ። ጌታችን ሄደህ እምነትህን አሟልተህ ና አላለውም። ልጁን ፈወሰለት።

በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ነገር እናስተውል። የታመመው ልጅ እምነት አልተመዘነም። በምዕራፍ 2 ያለውን ሽባ ስናይም ጌታችን የተመለከተው የተሸካሚዎቹን እምነት እንደ ሆነ ተጽፏል። አራት ሰዎች ጣራ ነድለው አወረዱት፤ እርሱ ግን አልጋ ላይ ነበረ። እኛ ግን ብዙ ጊዜ የምናደርገው ተቃራኒውን ነው። አልጋውን ከመሸከም ይልቅ አልጋው ላይ የተኛውን «አምነሃል?» እያልን እንመረምራለን። በጓደኛዋ ቃል የቆሰለችው ልጅ የሚያስፈልጋት አብሯት ጠበል የሚወጣ፣ አብሯትም የመድኃኒት ቀጠሮዋ ቀን ጤና ጣቢያ ደጅ የሚቀመጥ ጓደኛ ነው።

ተጠምቀው፣ ጸልየው፣ መድኃኒትም ወስደው ያልተፈወሱ አሉ። ስለ እነርሱ ምን እንላለን? ሐዋርያው ጳውሎስ በልብሱ ቁራጭ ድውያን ይፈወሱ ነበር (ሐዋ. 19፥12)፤ ራሱ ግን የሥጋውን መውጊያ እንዲያርቅለት ሦስት ጊዜ ለምኖ አልራቀለትም (2ኛ ቆሮ. 12)። ልጁ ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱና ስለ ተደጋጋሚ ሕመሙ ጥቂት ወይን ጠጣ አለው (1ኛ ጢሞ. 5፥23) እንጂ እምነትህ የት ሄደ አላለውም። ጥሮፊሞስንም ታሞ በሚሊጢን ተወው (2ኛ ጢሞ. 4፥20)። ጥሮፊሞስ ምን ኃጢአት ነበረበት የሚል አንድ ቃል አልተጻፈም። በየቤቱ የተኛ ሕመምተኛን ልንጠይቅ ስንሄድ ይህችን አጭር ቁጥር ይዘን ብንሄድ መልካም ነው።

ብዙዎች የሚጠይቁንን አንድ ነገር ነክተን እናብቃ። ስለ ጾምና ስለ ቅዱስ ቁርባን ነው። ቤተ ክርስቲያን የታመመውን በጾም አታስገድድም፤ ይህም ከንስሐ አባት ጋር የሚመከርበት ነው። ለመቁረብ የተዘጋጀ ሕመምተኛም መድኃኒቱን በገዛ እጁ ከመዝለል ይልቅ ለንስሐ አባቱ ሕመሙን ሳይደብቅ ይንገር፤ የሚወስድበትን ሰዓት ደግሞ ሐኪሙን ይጠይቅ። በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ ክኒን ሰዓቱን በምክር ማስተካከል የሚቻልበት ጊዜ ብዙ ነው። ለንስሐ አባቱ መናገር ያፈረ ካለ ከእኛ አንዱን ይዞ ይሂድ።

ለሚቀጥለው እሑድ በየምድባችን የምንወያይባቸው ጥያቄዎች፦ የሕዝቅያስን ታሪክ አንብበን፣ ተስፋው ከተሰጠ በኋላ በለሱ ለምን አስፈለገ? ከዐሥሩ ለምጻሞች የተመለሰው አንዱ ነው፤ ዘጠኙ በምን ተነቀፉ፣ በመመርመራቸው ነው ወይስ በሌላ? በሰፈራችን ሕመሙን የደበቀ ወጣት ቢኖር ወደ ማን እንዲመጣ እናደርጋለን?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።