ያገለገለ ሊፍ ከመግዛት በፊት

ያገለገለ ኒሳን ሊፍ ሲገዛ ዋናው ጥያቄ የባትሪው ጤንነት ነው። በዳሽቦርዱ ላይ 12ቱም መስመሮች በርተዋል ማለት ባትሪው አዲስ ነው ማለት አይደለም፤ የመጀመሪያው መስመር የሚጠፋው አቅሙ 15 በመቶ ገደማ ሲቀንስ ነው። ተቆጣጣሪውን ዳግም በማስጀመር መስመሮቹን የሚያስመልስ ሻጭም አለ።

ስለዚህ ከመሪው በታች ወዳለው ባለ 16 ፒን ሶኬት እንሂድ። በመጀመሪያው ትውልድ ሊፍ ፒን 6 እና 14 የመኪናው አጠቃላይ ኔትወርክ ናቸው፤ 12 እና 13 ደግሞ የባትሪውና የሞተሩ። ተራው የኢኤልኤም 327 ብሉቱዝ አንባቢ የሚደርሰው 6 እና 14 ላይ ብቻ ነው፤ ሆኖም የላከው ጥያቄ ወደ ባትሪው ተቆጣጣሪ ይተላለፍለታል። ሊፍ ስፓይ የተባለው የስልክ መተግበሪያ የ96ቱን ጥንድ ሴሎች ቮልቴጅ የሚያሳየው በዚህ መንገድ ነው። መኪናው ቆሞ ሁሉም እኩል ሊመስሉ ይችላሉ፤ ዳገት ላይ ነዳጅ መስጫውን (ስሙ አልተለወጠም!) ስትረግጡ ከጓደኞቹ ለይቶ የሚወርደውን ሴል ፈልጉ።