«ሶሪ» ስለምትባለው የእንግሊዝኛ ቃል ትርጉምና አገባብ

በትምህርት ቤት ግቢ ከጧት እስከ ማታ ከሚሰሙት የእንግሊዝኛ ቃላት አንዷ «ሶሪ» ናት። የሰው እግር የረገጠም፥ የጓደኛውን ደብተር የጣለም፥ አርፍዶ የመጣም ሁሉ «ሶሪ» ይላል። ቃሏ አጭር ስለ ሆነች የምታስቸግር አትመስልም፤ ዳሩ ግን ብዙ ትርጉም ስለ ተሸከመች፥ ያለ ቦታዋ ስትገባ ሰው ታስቀይማለች። በአዘናና በአካባቢዋ የምንማር ልጆች ብዙዎቻችን በቤት አዊኛ፥ በገበያና በመሥሪያ ቤት አማርኛ እንናገራለን፤ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ እንቀበላለን። ስለዚህ ቃልን ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ስናሻግር መጠንቀቅ ይገባናል። እኔም ይህንኑ በማሰብ የቃሏን ትርጉም ከፋፍዬ ለውድ አንባብያን አቀርባለሁ።

የቃሏ አመጣጥ

በጥንታዊው እንግሊዝኛ ቃሏ «ሳሪግ» ትባል ነበር። ዘመዷም «ሶር» የሚለው፥ ቁስልን ወይም ሕመምን የሚያመለክተው ቃል ነው። ብዙ ሰው «ሶሮው» ከሚለው፥ ኀዘን ማለት ከሆነው ቃል የወጣች ይመስለዋል፤ ነገር ግን የሁለቱ ሥር የተለያየ ሲሆን የተቀራረቡት በኋላ ዘመን ነው። እንግዲህ «ሶሪ» በመጀመሪያ ትርጉሟ «ልቤን አመመኝ» ማለት ናት።

የእኛ «ይቅርታ» ግን «ቀረ» ከሚለው ግሥ የተገኘ ነው፤ ይኸውም «ጥፋቱ ይቅር፥ ይተው» ብሎ የተበደለውን ሰው መለመን ነው። እንግሊዝኛው የተናጋሪውን ልብ ሲገልጥ፥ አማርኛው ከሰሚው ምሕረት ይጠይቃል። ከዚህ በታች የምናየው ልዩነት ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ልዩ ልዩ ትርጉሞቿ

አንደኛ፤ ጥፋት ከተፈጸመ በኋላ ይቅርታ መጠየቂያ ናት። ስለ አንድ ነገር ሲሆን «ሶሪ አባውት» ይባላል፤ ስለ ሠሩት ሥራ ሲሆን «ሶሪ ፎር ቢይንግ ሌት» እንደሚባለው «ፎር» ይከተላታል፤ ትርጉሙም «ስላረፈድሁ ይቅርታ» ነው። በሰው ፊት ከማለፍ ወይም ወሬ ከማቋረጥ በፊት ግን «ኤክስኪውዝ ሚ» ማለት ይሻላል። በአማርኛ ለሁለቱም «ይቅርታ» ስለሚበቃ ብዙ ተማሪ ልዩነቱን ይዘነጋል።

ሁለተኛ፤ የኀዘን ተካፋይነት መግለጫ ናት። ሰው ለሞተበት እንግሊዛዊ «አይ አም ሶሪ ፎር ዩር ሎስ» ይባላል። ይህን ቃል በቃል «ስለ ጥፋትህ ይቅርታ» ብሎ የሚተረጉም ሰው ለቀስተኛውን ያስደነግጠዋል። ትክክለኛው አማርኛ «እግዚአብሔር ያጽናህ» ወይም «በጣም አዝኛለሁ» ነው። («አዘነ» የሚለው ግሥና «አዘና» የሚለው የከተማችን ስም በድምፅ ቢቀራረቡም፥ ይዛመዳሉ ማለቴ አይደለም።)

ሦስተኛ፤ ለተሰናከለ ወይም ለተጎዳ ሰው የምትባል ናት። እናቶቻችን ልጅ ሲወድቅ «እኔን!» ይላሉ፤ «በአንተ ፈንታ እኔን ያግኘኝ» ማለታቸው ነው። ኬንያውያንም በኪስዋሂሊ «ፖሌ» ይላሉ፤ እንግሊዝኛ ሲናገሩም በዚያው ልማድ «ሶሪ» ይላሉ። ከእንግሊዝ አገር የመጣ ሰው ግን ይህን ሲሰማ «አንተ ምን አጠፋህ?» ብሎ ሊገረም ይችላል።

አራተኛ፤ የጸጸትና የእምቢታ ቃል ናት። «ዩ ዊል ቢ ሶሪ» ማለት «ኋላ ትጸጸታለህ» ማለት ነው። «አይ አም ሶሪ፥ በት» ብሎ የሚጀምር ሰው ደግሞ የጠየቁትን እንደማይፈጽም በትሕትና መናገሩ ነው።

አምስተኛ፤ ድምፅ ከፍ ተደርጎ «ሶሪ?» ሲባል፥ አልሰማሁምና ይደገምልኝ ማለት ነው። አቻው የእኛ «አቤት?» ነው።

ስድስተኛ፤ ከስም በፊት ስትገባ ትርጉሟ ይለወጣል። «ኤ ሶሪ ስቴት» ማለት የሚያሳዝንና የተበላሸ ሁኔታ ማለት ነው እንጂ፥ ይቅርታ የሚጠይቅ ሁኔታ ማለት አይደለም።

ነገሩ ስለምን ያሳስባል?

ይህ ሁሉ ለፈተና ብቻ የሚጠና አይደለም። አንድ የውጭ አገር ሐኪም ለበሽተኛው ቤተ ሰብ «አይ አም ሶሪ» ቢልና አስተርጓሚው «ሐኪሙ ይቅርታ ጠየቀ» ብሎ ቢያሰማ፥ ያዘነው ሰው ሐኪሙ ጥፋቱን ያመነ ይመስለዋል። ይህ ጥርጣሬ በራሳቸው በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዘንድም አለ። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ግዛት በ1986 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ፥ አደጋ ለደረሰበት ሰው የሚነገር የኀዘኔታ ቃል በፍርድ ቤት እንደ ጥፋተኝነት ማስረጃ እንዳይቀርብ ከልክሏል።

ሌላም ምሳሌ አለ። በአውስትራልያ መንግሥት ለብዙ ዓመታት የነባሩን ሕዝብ ልጆች ከወላጆቻቸው እየነጠለ ይወስድ ነበር። በ1999 እ.ኤ.አ. ምክር ቤቱ ጥልቅ ጸጸቱን ሲገልጥ «ሶሪ» የምትለው ቃል ቀረች፤ የተበደሉትም በዚህ ቅር ተሰኙ። በ2008 እ.ኤ.አ. የካቲት 5 ቀን 2000 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ኬቪን ራድ በምክር ቤት ፊት ቆመው «ሶሪ» ባሉ ጊዜ ብዙዎች እንባቸውን አፈሰሱ። ያች እኛ በየመተላለፊያው የምንበትናት ትንሽ ቃል በሌላ ስፍራ ሕዝብ ለዓመታት የጠበቃት ቃል ነበረች።

በአገራችንም በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ በተበደለው ፊት የሚቀርብበት፥ ሽማግሎችም መካከል ገብተው «ይቅር ለእግዚአብሔር» የሚያሰኙበት ልማድ አለ። ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ጓደኛን በትከሻ ለገፋንበት «ሶሪ» ብትበቃም፥ አባትን ወይም እናትን ላሳዘንንበት ግን አንገትን ደፍቶ «ይቅር በሉኝ» ማለት ይገባል። እንግሊዝኛን ማወቅ መልካም ነው፤ ቃሉን ከነቦታው ማወቅ ግን ከሁሉ ይበልጣል።

መልመጃ

የሚከተሉትን ወደ እንግሊዝኛ መልሱ፤ «ሶሪ» የማትገባበትንም ለይታችሁ አውጡ።

፩ኛ/ እግዚአብሔር ያጽናችሁ።
፪ኛ/ ይቅርታ፥ በዚህ በኩል ልለፍ።
፫ኛ/ አቤት? አልሰማሁም።
፬ኛ/ የቤት ሥራዬን ስላልሠራሁ ይቅርታ።