የአበባ መትከያ ሲገዙ ገልብጠው ይዩት

ከአራት ዓመት በፊት ከመንገድ ዳር ችግኝ ሻጭ አንድ የሎሚ ችግኝ ገዛሁ። ቁመቱ እስከ ወገቤ የሚደርስ፣ ቅጠሉ የሚያብረቀርቅ፣ ከሌሎቹ ሁሉ ተለይቶ ዓይን የሚስብ ነበርና ብዙም ሳልከራከር የተጠየቅሁትን ከፈልኩ። ግቢዬ ውስጥ ተከልኩት። ሁለት ክረምት አለፈ፤ ችግኙ አልሞተም፣ አላደገምም። በሦስተኛው ክረምት ነፋስ ባየለበት ሌሊት ወድቆ አደረ። ስነቅለው ሥሩ የመጣበትን ጥቁር ላስቲክ ቅርጽ እንደያዘ ነው። እንደ ገመድ ዙሪያውን ተጠምጥሞ ራሱን በራሱ አንቋል። ወደ ግቢዬ አፈር የዘለቀው ሥር ከሦስት አይበልጥም ነበር።

የከሰርኩት የችግኙን ዋጋ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላነሣሁት። የከሰርኩት ሦስት ዓመት ነው። ሻጩን ልወቅስ ብልም አልሆነልኝም፤ እሱም እንደ እኔው ቅጠል እያየ የሚገበያይ ነው። በኋላ ስጠያይቅ እንደተረዳሁት ያ የሚያምረው ረጅም ችግኝ ያማረው በላስቲኩ ውስጥ ከሚገባው በላይ ስለቆየ ነው። አጠር ያሉት የተሻሉ ነበሩ ማለት ነው።

ዛሬ በአዲስ አበባ ጎዳናዎችና ወንዞች ዳር የሲሚንቶ፣ የሸክላ፣ የፕላስቲክ፣ አልፎ አልፎም የእንጨት መትከያ ተደርድሮ ይሸጣል። የኮንዶሚኒየም በረንዳ ያለው ቤተሰብ ጎመንም አበባም የሚተክለው በዚሁ ነው። ገዢው የሚጠይቀው ቀለሙንና ዋጋውን ሲሆን፣ ሠሪውም የሚደክመው ለቀለሙ ነው። መትከያ ግን ጌጥ ከመሆኑ በፊት ሥራ ያለው ዕቃ ነው። ሥራውም ሥርን፣ ውኃንና አየርን በአንድ ጠባብ ቦታ ማስማማት ነው። ባለፉት ስድሳ ዓመታት ግድም በሌላው ዓለም የወጡት አዳዲስ ንድፎች በሙሉ የሚዞሩት በዚሁ ጉዳይ ላይ ሲሆን፣ አብዛኞቹን እዚሁ በእጃችን ባለ ዕቃ ልንሠራቸው እንችላለን።

ስፖንጁ የሚያስተምረን

በመጀመሪያ አንድ ሙከራ ቤትዎ ውስጥ ያድርጉ። የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ውኃ ውስጥ ነክረው አውጡና በጠፍጣፋው በኩል አግድመው ይያዙት። ውኃው ይንጠባጠብና ያቆማል። ሳይጨምቁ በረጅሙ ጎን ያቁሙት። እንደገና መንጠባጠብ ይጀምራል! ስፖንጁም ውኃውም ያው ነው፤ የተለወጠው ቁመቱ ብቻ ነው።

በመትከያ ውስጥ ያለ አፈርም እንዲሁ ነው። ውኃ አጠጥተን ትርፉ በቀዳዳው ከወጣ በኋላ ከታች በኩል ውኃ የጠገበ፣ አየር የሌለው የአፈር ንጣፍ ይቀራል። የዚህ ንጣፍ ውፍረት የሚወሰነው በአፈሩ ዓይነት እንጂ በመትከያው ቁመት አይደለም። ለምሳሌ ውፍረቱ 5 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። መትከያው 15 ሳንቲ ሜትር ቁመት ካለው ከአፈሩ አንድ ሦስተኛው ረግረግ ነው። 30 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ግን አንድ ስድስተኛው ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለት መትከያዎች እኩል አፈር የሚይዙ ከሆነ፣ ሥሩ በቀላሉ ለሚበሰብስ ተክል ረጅሙ ይሻላል ማለት ነው። ሰፊና ዝቅ ያለው ለሰላጣና ሥራቸው ጥልቅ ላልሆነ ቅጠላ ቅጠሎች ይሁን።

እዚህ ላይ አብዛኞቻችን የምንሠራት አንዲት ስህተት አለች። ውኃው ቶሎ እንዲወርድ ብለን ከታች ጠጠር እንደለድላለን። ነገር ግን ውኃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር የሚሻገረው ከላይ ያለው አፈር ከጠገበ በኋላ ነው። በመሆኑም ጠጠሩ ረግረጉን አያስቀርም፤ ወደ ላይ ወደ ሥሩ ያስጠጋዋል እንጂ። አፈሩ እንዳያመልጥ ቀዳዳው ላይ አንዲት ገል ጣል ማድረግ ይበቃል።

ቀዳዳው ራሱም መታየት አለበት። ብዙ የሲሚንቶ መትከያዎች መሐሉ ላይ አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው ያላቸው። ሊሾ ላይ ሲቀመጡ ያቺው አንዷ ትደፈናለች። ጥሩ ንድፍ የሚባለው ከግድግዳው ግርጌ ዙሪያውን አራትና አምስት ቀዳዳ ያለው ወይም እግር ያለው ነው። እግር ከሌለው እንደ ድስት በሦስት ጉልቻ ላይ ያስቀምጡት። አዲስ የሲሚንቶ መትከያ ከሆነ ደግሞ ኖራው ተክሉን እንዳይጎዳ ለጥቂት ቀናት ውኃ እየሞሉና እየደፉ ማጠብ ያስፈልጋል።

ሥሩን አየር ሲገርዘው

አሁን ወደ ሎሚዬ ልመለስ። ሥር ሲያድግ ግድግዳ ካገኘ ግድግዳውን ተከትሎ ይዞራል። ለስላሳና ክብ መትከያ ውስጥ መዞሩን የሚያቆምበት ምክንያት የለውም። ካርል ዊትኮምብ የተባሉ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ገደማ ያደረጉት ሙከራ ቀላል ነበር። የወተት ካርቶን ታቹን ቆርጠው አፈር ሞሉና ችግኙን ተከሉበት፤ ካርቶኑንም ወንፊት መሰል ሽቦ ላይ ከመሬት ከፍ አድርገው አስቀመጡት። ወደ ታች የወረደው ሥር ከሽቦው ሲያልፍ አየር ያገኘውና ጫፉ ይደርቃል። ጫፉ ሲደርቅ ከኋላው ብዙ ትናንሽ ሥሮች ያወጣል። ይህ ማንም መቀስ ሳያነሣ በአየር የሚደረግ ግርዛት ነው። ችግኙ መሬት ሲገባ እነዚያ ሁሉ ጫፎች በየአቅጣጫው ለመሄድ ዝግጁ ናቸው።

ከዚህ ሐሳብ ብዙ ዕቃ ተወለደ። በካናዳ የችግኝ ማፍያ ውስጡ ቁልቁል የወረደ ሸንተረር ተደረገለት፤ መዞር የጀመረው ሥር ሸንተረሩን ሲያገኝ ወደ ታች ይመራል። ሌላው ግድግዳው እንደ እንቁላል መያዣ ካርቶን ጉብ ጉብ ያለ፣ የየጉብታው ጫፍ የተበሳ ነው። በአሜሪካ ኦክላሆማ ውስጥ ደግሞ ከወፍራም ጨርቅ መሰል ነገር የተሰፋ የመትከያ ከረጢት ወጣ። ሥሩ ጨርቁ ጋ ሲደርስ መዞሩን ትቶ ይቆምና ይበተናል።

ይህ የመጨረሻው ለእኛ እንግዳ አይደለም። ማዳበሪያ የምንለው ከፕላስቲክ ክር የተሸመነው ከረጢት አየርም ውኃም በመጠኑ ያሳልፋል፤ በየቤቱም ይገኛል። በናይሮቢ ኪቤራ የብዙ ቤተሰቦች የጎመን ማሳ ይኸው ከረጢት ነው። አሠራሩም ብልሃት አለበት። ታቹና ክዳኑ የወጣለት ጣሳ ከረጢቱ መሐል ይቆምና ጠጠር ይሞላል፣ ዙሪያውን አፈር ይደረጋል፣ ከዚያ ጣሳው ወደ ላይ ይሳብና እንደገና ጠጠር ይሞላል። እንዲህ እየተባለ ከላይ እስከ ታች የጠጠር ዓምድ ይተከላል። ከላይ የፈሰሰ ውኃ በዓምዱ ወርዶ እስከ ታች ያዳርሳል፤ ጎመኑ ከላይ ብቻ ሳይሆን በከረጢቱ ጎን በተበሱ ቀዳዳዎችም ይበቅላል። ጠጠር ክፉ ነው ሲል የነበረ ሰው አሁን አመሰገነው እንዳይሉኝ፤ አግድም ተነጥፎ ውኃ የሚያቆመው ጠጠር ቁልቁል ሲቆም መንገድ ይሆናል። የማዳበሪያው ጉድለት ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ቢበዛ ከአንድና ከሁለት ዓመት በኋላ መበጣጠሱ ነው።

አየር የሚያስገባ መትከያ ሁሉ ግን ቶሎ ይደርቃል። ውኃ በፈረቃ የሚያገኝ ሰው ይህን ሳያስብ እንዳይገዛ።

በነገራችን ላይ ችግኝ ለሚያፈሉ ወገኖች ይህ የእንጀራ ጉዳይ ነው። በሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአገሪቱ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት መግለጹ ይታወሳል። ከጥቁር ላስቲክ ወጥቶ የሚተከለው ችግኝ ሥሩ የተጠመጠመ ከሆነ ሰው የደከመበት ቁጥር ብቻ ይቀራል። መድኃኒቱም ውድ አይደለም። ታቹ ክፍት የሆነውን ላስቲክ መሬት ላይ ከመደርደር ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ባለ የሽቦ ወይም የቀርከሃ ርብራብ ላይ መደርደር ነው። ወጪው ርብራቡ፣ እንዲሁም ቶሎ ስለሚደርቅ የሚጨምረው የማጠጫ ጉልበት ነው።

ሁለት ባልዲ

ውኃ ሁለትና ሦስት ቀን ለሚጠፋበት ቤት የሚስማማው ከታች ውኃ የሚያጠራቅም መትከያ ነው። ብሌክ ዊዘናንት የተባሉ የፍሎሪዳ ቲማቲም አምራች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ያወጡት ሣጥን በዚህ ዓይነቱ ስም አትርፏል። እኛ ግን በሁለት እኩል የቀለም ባልዲዎች እንሠራዋለን።

አንዱ ባልዲ በሌላው ውስጥ ሲገባ ከታች ክፍት ቦታ ይቀራል፤ ውኃው የሚቀመጠው እዚያ ነው። የውስጠኛው ባልዲ ታች ላይ ትናንሽ ቀዳዳዎች ይበሱ፤ መሐሉ ላይ ደግሞ ዙሪያዋን የተበሳሳች የፕላስቲክ ኩባያ ተንጠልጥላ እስከ ውኃው የምትወርድበት ሰፋ ያለ ቀዳዳ ይኑር። ኩባያዋ አፈር ትሞላለች። ክር ከጣሳው ጋዝ እየሳበ ኩራዝ እንደሚያበራ ሁሉ፣ የኩባያዋ አፈር ውኃውን ወደ ላይ ይስባል። በጎን አንድ ቀጭን ቱቦ ከላይ እስከ ታች ይቁም፤ ውኃ የሚጨመረው በእሱ ነው። የውጭኛው ባልዲ ላይ፣ ከውስጠኛው ታች ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ አንድ የማፍሰሻ ቀዳዳ የግድ ያስፈልጋል። እሱ ከተረሳ መጀመሪያ የከበደ ዝናብ ሲጥል ተክሉ ይሰምጣል። አፈሩም የግቢ ጭቃ ብቻ አይሁን፤ ኮምፖስትና አሸዋ ይቀላቀልበት። የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት ዕቃ ምንም ቢታጠብ ለሚበላ ነገር አይሆንም።

ክብደቱንም ያስቡ። 20 ሊትር እርጥብ አፈር ወደ 30 ኪሎ ግራም ወይም ከዚያ በላይ ይመዝናል። አሥር መትከያ በረንዳ ላይ የሚደረድር ሰው 300 ኪሎ እየደረደረ ነው። እንደ ድሬዳዋና አዳማ ባለው ሙቀት ደግሞ ጥቁር መትከያ ፀሐይ ላይ ሲውል ጎኑ ከ40 ዲግሪ አልፎ ሥሩን ሊያቃጥል ይችላል። ነጭ ቀለም መቀባት ወይም በሌላ ሰፋ ባለ ዕቃ ውስጥ ማስገባት ይረዳል።

ለሸክላ ሠሪዎች የሚሆን ሥራ

የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ እናቶችን ሥራ የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም። ፕላስቲኩ እንስራቸውን ከገበያ አስወጣው፤ የአበባ መትከያ ግን ሸክላ የሚያሸንፍበት ሜዳ ነው። ሸክላ ይተነፍሳል፤ በግድግዳው የሚወጣው እርጥበት ሥሩን ያቀዘቅዛል። ይህ የሚሆነው ግን ሳይሟሽ ሲቀር ነው። የተሟሸ ወይም ቀለም የተቀባ ሸክላ ከፕላስቲክ በምንም አይለይም። ሲገዙ ጣትዎን አርጥበው ግድግዳው ላይ ጠብ ያድርጉ። ከጠጣው ይተነፍሳል፤ ኳስ ሠርቶ ከተንከባለለ ተደፍኗል።

ሁለተኛው ዕቃ ደግሞ እስከ አንገቱ አፈር ውስጥ የሚቀበር ያልተሟሸ ገንቦ ነው። ውኃ ይሞላና ይከደናል፤ በግድግዳው ቀስ እያለ እያላበ ዙሪያውን የተተከለውን ያጠጣል። አፈሩ ሲደርቅ ብዙ ይሰጣል፣ እርጥብ ሲሆን ይቆጥባል። ከ2 ሺህ ዓመት በፊት በተጻፈ የቻይናውያን የእርሻ መጽሐፍ ውስጥ ተገልጿል፤ ስለዚህ አዲስ ነው ለማለት አልደፍርም። ለገበያችን ግን አዲስ ነው። መቆለል አያስፈልገውም፣ ጌጥ አይጠይቅም፣ የሚያስፈልገው የሚያልብ ግድግዳና ልክ የሆነ ክዳን ብቻ ነው።

ለሠሪ አንድ ነገር ልጨምር። ሆዱ ሰፍቶ አፉ የጠበበ መትከያ ያምራል፤ ነገር ግን ተክሉን ለማውጣት መስበር ግድ ነው። አፉ ሰፍቶ ታቹ የጠበበው ደግሞ ተክሉን በቀላሉ ይለቃል፤ በዚያ ላይ አንዱ በአንዱ ውስጥ ስለሚገባ አንድ ጋሪ የሚጭነው በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ገዢ ደግሞ ዋጋን በሊትር ያስላ። 300 ብር የሚባለው 10 ሊትር፣ 500 ብር የሚባለው 25 ሊትር የሚይዝ ቢሆን ርካሹ ባለ 500ው ነው።

ባለፈው ወር ሌላ ሎሚ ልገዛ ወጣሁ። አጭሩን መርጬ ላስቲኩን ወደ ታች ገለጥ ሳደርግ ሻጩ ወጣት ሳቀብኝ።

“ጋሼ፣ ሸሚዝ መሰለዎት እንዴ የሚገለብጡት?”

ሥሩ ነጭና ቀጭን ነበር፤ ገና አልዞረም። ከረጅሙ ቀንሶ ሸጠልኝ።