ትምህርት ዐሥራ ሁለት፦ «ይኖራል»፣ «ይኖር ነበር»፣ «አላየሁም»

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና ካነበባችሁ በኋላ ወደ ሰዋስው ክፍል እለፉ። በምታነቡበት ጊዜ «ነበር» የሚለው ረዳት ግስ የገባባቸውን ዐረፍተ ነገሮች አስተውሉ።

ምንባብ

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የሚጓዝ ሰው ግራና ቀኙን ቢመለከት የበቆሎ፣ የጤፍና የበርበሬ እርሻ ተንጣሎ ያያል። ከእርሻው መካከል እዚህም እዚያም ጎልቶ የሚታየው ጥቅጥቅ ያለ ደን የቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ነው። ዋንዛው፣ ወይራውና ጽዱ ከሌላው ስፍራ ሲመነጠር በዚያ ተከብሮ ቆይቷል። ዛፉን የተጠለሉት አእዋፍ፣ ጦጣዎች፣ አንዳንድ ስፍራም ጉሬዛዎች አብረው ተርፈዋል። ደኑ የተከበረው ስለ ታቦቱ እንጂ ስለ አራዊቱ አልነበረም፤ ይሁን እንጂ አራዊቱም የክብሩ ተካፋይ ሆነዋል።

ከፍኖተ ሰላም በስተ ምሥራቅ የሚገኘው የጮቄ ተራራ ታሪክ ከዚህ ይለያል። ጮቄ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው፣ የብዙ የዓባይ ገባር ወንዞች መነሻ ነው። በዚህ ተራራ ላይ ቀይ ቀበሮ ይኖር ነበር። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር የማይገኝ፣ የደጋ አይጦችን እያደነ የሚኖር አውሬ ነው። እርሻውና ግጦሹ ወደ ላይ በወጣ ቍጥር የአይጦቹም የቀበሮውም መኖሪያ ጠበበ፤ በመጨረሻ ቀይ ቀበሮ ከጎጃም ምድር ጠፋ። በመላ አገሪቱ የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀበሮዎች 500 ያህል ብቻ እንደ ሆኑ ይገመታል፤ ከእነዚህም የሚበዙት በባሌ ተራሮች ይገኛሉ።

በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚገኘው የዋልያ ነገር ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ዋልያው ከገደሉ ለግጦሽ ብቅ በሚልበት በማለዳና በሠርክ ጠባቂዎቹ ስፍራውን ተከፋፍለው በአንድ ጊዜ ይቈጥራሉ። በአንድ ጊዜ የሚቈጥሩትም አንዱ መንጋ ወደ ሌላው ቀበሌ ተሻግሮ ሁለት ጊዜ እንዳይቈጠር ነው። የዋልያው ቍጥር በ2007 ዓ.ም. ገደማ ከ800 በልጦ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ከተነሣው የሰሜኑ ጦርነት በኋላ በተደረገ ቈጠራ ግን ከ400 በታች ሆኖ ተገኘ። በዚያው ወራት በገደሉ አፋፍ ያለፈ መንገደኛ አንድ መንጋ አይቶ «ዋልያማ ሞልቷል» ብሎ ሊመለስ ይችል ነበር። ጉድለቱን የገለጸው ከዓመት ዓመት የተጻፈው ቍጥር ነው።

ሰዋስው

«ይኖራል» ስንል ኑሮው እስከምንናገርበት ጊዜ ድረስ አለመቋረጡን እናመለክታለን። «ይኖር ነበር» ስንል ደግሞ ድርጊቱ በኀላፊ ጊዜ እየተደጋገመ ይፈጸም እንደ ነበረ እንናገራለን። «በጮቄ ቀይ ቀበሮ ይኖራል» የሚል ጸሓፊ ሰዋስውን አላፈረሰም፤ የጻፈው ግን እውነት አይደለም።

ከዚህ የከፋ ስሕተት የሚደርሰው በ«የለም» እና በ«አላየሁም» መካከል ነው። አንድ ተማሪ ወደ ደኑ አንድ ማለዳ ሄዶ ምንም ሳያይ ይመለስና «በደኑ ውስጥ ጉሬዛ የለም» ብሎ ይጽፋል። «የለም» ስለ ደኑ የተሰጠ ፍርድ ነው፤ «አላየሁም» ግን ስለ ተመልካቹ የተሰጠ ምስክርነት ነው። ለመጀመሪያው ብዙ ቀን፣ በልዩ ልዩ ሰዓትና ወራት መፈለግ ያሻል። «የለም» የሚለውን ዘገባ ያነበበ ጠባቂ ወደዚያ ደን መሄዱን ቢተው፣ ቅጠል ውስጥ ተሸሽጎ የነበረው እንስሳ ጠባቂ አጣ ማለት ነው። እንዲሁም «አየሁ»፣ «ሰማሁ» እና «ይባላል» አንዱ በሌላው ቦታ አይገቡም።

ድርሰት

የሚከተሉትን ሁለት የምልከታ ዘገባዎች አነጻጽሩ።

ሀ. በደብሩ ደን ውስጥ ብዙ ጉሬዛዎች አሉ። በጣም ያምራሉ።

ለ. ጥቅምት 12 ቀን ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት በደብሩ ደን ምሥራቃዊ ዳር ቆሜ 7 ጉሬዛዎች አየሁ። ከእነዚህ አንዱ ሁለመናው ነጭ ግልገል ነበር። ከምዕራብ በኩል የሌላ ጉሬዛ ድምፅ ሰማሁ፤ ነገር ግን አላየሁትም።

በመጀመሪያው ዘገባ «ብዙ» የተባለው ስንት ነው? ለአንዱ 5 ብዙ ነው፤ ለሌላው 50። በሚመጣው ዓመት ሌላ ሰው ሄዶ «ብዙ ናቸው» ቢል ጨመሩ ወይስ ቀነሱ ለማለት አይቻልም። ሁለተኛው ግን በየቃሉ ፍሬ አለው። ጉሬዛ ሲወለድ ነጭ ስለ ሆነና ጥቁሩ ጠጕር በኋላ ስለሚወጣለት፣ «ነጭ ግልገል» የሚሉት ሁለት ቃላት መንጋው በቅርቡ መውለዱን ይነግራሉ። ወንዱ ጉሬዛ ጎሕ ሲቀድ የመጮኽ ልማድ ስላለው ሰዓቱም ያለ ምክንያት አልተጻፈም። «ያምራሉ» ማለት ግን ነውር አይደለም፤ ጉሬዛ በእውነት ያምራል። ቦታው ሌላ ዐይነት ድርሰት ነው።

መልመጃ

1. «በፈጣም ወንዝ ዳር ነብር ይኖራል» ብሎ የጻፈው ተማሪ ነገሩን የሰማው ከአያቱ ነው፤ አያቱም ያዩት በልጅነታቸው ነው። ማን እንዳየ፣ መቼ እንዳየና ጸሓፊው ከማን እንደ ሰማ በግልጽ እንዲታወቅ ዐረፍተ ነገሩን አስተካክላችሁ ጻፉ።

2. ከምንባቡ ውስጥ «ነበር» የገባባቸውን ዐረፍተ ነገሮች ለይታችሁ ጻፉ። ከእነርሱ መካከል ሊሆን ሲችል ያልሆነን ድርጊት የሚያመለክተው የትኛው ነው?

3. በአጥቢያችሁ ከሚገኝ ደን፣ ወንዝ ዳር ወይም ረግረግ አንድ ስፍራ ምረጡ። ስፍራው የቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ከሆነ አስቀድማችሁ የደብሩን አስተዳዳሪ አስፈቅዱ። ድንጋይ ሳትወረውሩ፣ ምግብም ሳትሰጡ፣ በሦስት የተለያዩ ቀናት በተመሳሳይ ሰዓት ግማሽ ግማሽ ሰዓት ተመልከቱ። የእያንዳንዱን ቀን ዘገባ ከዐሥር መስመር ባልበለጠ ጻፉ፤ ምንም ያላያችሁበት ቀን ቢኖር የዚያንም ቀን ዘገባ ጻፉ።