ዓምድ መሰል ካክተስን በቤት ግቢ ማስፈካትና ለፍሬ ማብቃት፦ የመካነ ሰላም ደጋ ሁኔታ

በአማርኛ «ቁልቋል» የሚለው ስም ሁለት የማይዛመዱ ዕፀዋትን አንድ ላይ ይዟል። የመጀመሪያው በአገሪቱ ደጋና ወይና ደጋ በተፈጥሮ የሚበቅለው፣ አጥርም የሚሆነው ዩፎርቢያ አቢሲኒካ ነው። ሁለተኛው ከአሜሪካ አህጉራት የመጣው የካክተስ ወገን ሲሆን፣ በለስም ሆነ በሸክላ ተተክሎ በረንዳ ላይ የሚቆመው ሴሬየስ የዚሁ ወገን ናቸው። ሁለቱ በመልክ የተቀራረቡት እርጥበትን ቆጥቦ የመኖር ችግርን በየፊናቸው በአንድ ዓይነት መንገድ ስለ ፈቱ እንጂ በዝምድና አይደለም። ስለዚህ «ቁልቋሌ ለምን አያፈራም?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ከመሰጠቱ በፊት የትኛው እንደ ሆነ መታወቅ አለበት።

መለያው ቀላል ነው። ዩፎርቢያ ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያፈስሳል፤ እሾሁ በጠርዙ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይወጣል፤ ፍሬውም ሦስት ክፍል ያለው፣ ሲደርቅ የሚፈነዳ እንጂ የሚበላ አይደለም። የካክተስ እሾህ ግን ለስላሳ ጠጉር ካለበት ትንሽ ነጥብ በጥቅል ይወጣል፤ አበባውም ከዚያው ነጥብ ይበቅላል። ልዩነቱ የዕውቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የዩፎርቢያ ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ ብርቱ ጉዳት ያደርሳል፤ በንጹሕ ውኃ ደጋግሞ አጥቦ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

መካነ ሰላም ከዓባይ ሸለቆ በላይ፣ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ኬክሮስ በዓመቱ ረጅምና አጭር ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ተኩል አይበልጥም። ስለዚህ ተክሉን ወደ አበባ የሚመራው በዋነኛነት የድርቀትና የእርጥበት፣ የብርድና የሙቀት መፈራረቅ ነው ብሎ መነሣት ይቻላል። ከጥቅምት እስከ ጥር ውኃን እጅግ መቀነስ፣ የበልግ ሙቀት ሲጀምር ደግሞ ቀስ በቀስ መመለስ የአካባቢውን ወቅት መከተል ነው። ውርጭ በሚጥልባቸው የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊቶች ቀን የሞቀ የድንጋይ ግንብ ሥር ማስጠጋት ይረዳል። ከብርዱ ይልቅ አደገኛው ግን ክረምቱ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ውኃ የሚቋጥረው ዋልካ አፈር ሥሩን ያበሰብሳል፤ አሸዋና ጠጠር የበዛበት አፈር፣ ከሥሩ የተበሳ ዕቃና የጣራ ክፈፍ ከማንኛውም ማዳበሪያ ይበልጣሉ።

ዕድሜም ወሳኝ ነው። በሶኖራ በረሃ የሚበቅለው ሳግዋሮ የመጀመሪያ አበባውን የሚያወጣው በ35 ዓመት ገደማ ነው። ሴሬየስ ይህን ያህል አያስጠብቅም፤ ከዘር ሲበቅል ግን ዓመታት ይፈጃል። አብቦ ከሚያውቅ ግንድ የተቆረጠ ቁራጭ ቁስሉ ደርቆ ሲተከል ቶሎ ያብባል፤ ሰውም የሚመርጠው ይህንኑ ነው።

ብዙዎች የማያስተውሉት ችግር የሚጀምረው ከዚሁ ምርጫ ነው። ሴሬየስ በራሱ ብናኝ አይፀንስም። ከአንድ ተክል የተወሰዱ ቁራጮች ሁሉ ደግሞ በውርስ ያው አንድ ተክል ናቸው። ካክተስ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት በቁራጭ እየተላለፈ በሚስፋፋበት ከተማ፣ በአሥር ግቢ የቆሙ አሥር ተክሎች አንድ ግለሰብ ሊሆኑ ይችላሉ። እንዲህ ከሆነ ሁሉም በአንድ ሌሊት ቢፈኩ እንኳ ፍሬ አይገኝም፤ ባለቤቱም አፈሩን ወይም ውኃውን በከንቱ ይወቅሳል። መፍትሔው ከሌላ ምንጭ የመጣ ወይም ከዘር የበቀለ ሁለተኛ ተክል ነው።

አበባው የሚከፈተው ከመሸ በኋላ ሲሆን፣ ፀሐይ ሲበረታ ይከስማል። በትውልድ አገሩ የሌሊት እራቶች ይጎበኙታል፤ የሌሎች ዓምድ መሰል ካክተሶች አበባ ደግሞ የአበባ ማር የሚልሱ የአሜሪካ የሌሊት ወፎችን ይስባል። እነዚህ የሌሊት ወፎች በአፍሪካ የሉም፤ በደጋው ቀዝቃዛ ሌሊትም የእራት በረራ ይቀንሳል። ሆኖም በእስራኤል ሴሬየስን «ኩቦ» በሚል ስም ለፍሬ ሲያለሙ ንብ በማለዳ፣ አበባው ሳይዘጋ ብናኙን እንደምታዛውር ታይቷል። ንብ ማነብ ለለመደው የወሎ ገበሬ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ንብ ከሌለ ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል፦ ማታ ከአንዱ አበባ ብናኙን አንሥቶ በሌላው አበባ መካከል በሚታየው ባለ ብዙ ጣት ጫፍ ላይ መቀባት። ሁለቱ በአንድ ሌሊት ካልፈኩ ብናኙን በደረቅ ወረቀት ጠቅልሎ ማቀዝቀዣ ውስጥ ለጥቂት ቀናት ማቆየት ይቻላል።

ካልተፀነሰ አበባው ከነእግሩ ይረግፋል። ከተፀነሰ የጠወለገው ቅሪት ከላይ እንደ ተጣበቀ ከሥሩ ያለው ክፍል ያብጣል። በሞቃት አገር ፍሬው በስድስት ሳምንት ገደማ ይበስላል፤ በደጋ መዘግየቱ አይቀርም። እሾህ የለውም፤ ውስጡ ነጭና ጥቁር ፍሬ የተበተነበት ሲሆን ሲበስል ይሰነጠቃል።

መሰንጠቁ ለበላተኛው መልካም ምልክት ቢሆንም ለወፎችም ግብዣ ነው። ዘመዱ ሴሬየስ ጃማካሩ በደቡብ አፍሪካ ከግቢ አምልጦ ወራሪ አረም ሆኗል። የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ በቅርብ ባለበት አካባቢ ፍሬውን ሊሰነጠቅ ሲል መልቀምና የተረፈውን ዘር ሜዳ ላይ አለመጣል፣ ከብሩሹ ጋር አብሮ መማር ያለበት ተግባር ነው።