የልብ ኬላ



ከአዋሽ ወደ ሠመራ በሚወስደው መንገድ፣ በአዋሽና በሚሌ ኬላዎች፣ የጭነት መኪና ምን እንደ ጫነ ሳይጠየቅ አያልፍም። ወደ ልባችን የሚገባው ሐሳብ ግን ብዙ ጊዜ ያለ ጠያቂ ያልፋል።

በአዋሽ ገበያ ሁለት ሰዎች በማናውቀው ቋንቋ ሲነጋገሩ ወደ እኛ አይተው ቢሥቁ፣ «እያሙኝ ነው» የሚል ሐሳብ ወዲያው ይመጣል። ሐሳቡ ቁጣን፣ ቁጣውም ክፉ ቃልን ይወልዳል፤ ጉርብትናም በዚህ ይፈርሳል። ሰዎቹ ግን የሣቁት በራሳቸው ጨዋታ ይሆናል።

በ4ኛው መቶ ዘመን በግብፅ በረሓ የኖረው መነኩሴ ኤቫግሪዮስ ስምንት ክፉ ሐሳቦችን ለይቶ ጽፏል። የሐሳቡ መምጣት በእጃችን ባይሆንም፣ እንዲቆይ መፍቀድ ግን በእጃችን መሆኑን አስተምሯል። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም አሮን ቤክም ሕሙማኑ እንዲህ በድንገት የሚመጣባቸውን ሐሳብ እንዲመረምሩ አድርጓል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፦ ከመናገራችን በፊት ቆም ብለን ትንፋሻችንን እናስተውል።

ሁለተኛ፦ «እያሙኝ ነው» ከማለት ይልቅ «እያሙኝ ነው የሚል ሐሳብ መጣብኝ» እንበል። ሐሳቡን በግድ ማባረር አያስፈልግም፤ ማየት ይበቃል።

ሦስተኛ፦ «ማስረጃህ ምንድን ነው?» ብለን እንጠይቀው።

ማታም ቅዱስ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ ባስተማረው የኅሊና ምርመራ ውሏችንን እንመልከት፤ የትኛው ሐሳብ ሳይጠየቅ አለፈ? ልማድ በአንድ ቀን አይለወጥም። ጨለማው ሐሳብ ለሳምንታት እንቅልፍ ከነሣን ግን ወደ ሐኪም መሄድ የእምነት ማነስ አይደለም።